አንጀቴን በፀሐይ አየሁት

ለውድ እናቴ፣ ለእማዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ብርዱ በረታበት ወይስ ተወት አደረገሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ? የጦሳ ተራራ ነፋስ ዘንድሮም እንደ ልማዱ በሩን ሲደበድብ ያድራል? ወንድሜ ወንዳፍራሽ፣ ሚስቱ ጽጌረዳ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናችሁ? እኔ ልጅሽ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ። «በጣም» ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ ምክንያቱን አሁን ትሰሚዋለሽ። ይህን ደብዳቤ አንቺ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ከፍቶ ለሚያነበው ሰውም ጤና ይስጥልኝ። የአንጀት ወሬ እንጂ ሌላ ነገር የለበትምና ብዙ አይድከም።

ወንዳፍራሽ የጻፈው ደርሶኛል። ከቀዶ ጥገናዬ ወዲህ ከቤት እንደማትወጪ፣ ገበያውንም ማኅበሩንም እንደተውሽ፣ «ልጄ ከሆዷ ላይ ከረጢት ታስሮባት በሰው አገር ተደብቃ እኔ በምን ፊቴ ሰው ፊት እቆማለሁ» እያልሽ በር ዘግተሽ እንደምትውዪ ነገረኝ። እማዬ፣ አንጀቴን በላሽው። ልቆጣሽ ብዬ ነበር፤ ግን በምን አፌ? እኔም እዚህ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ውስጥ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እናትና ልጅ በሁለት አገር ሆነን አንድ ዓይነት በር ዘግተን ከረምን።

ሐኪሞቹ የታጠፈውን አንጀቴን ቆርጠው የተረፈውን ጫፍ በሆዴ በግራ በኩል ሲያወጡት ነፍሴን እንዳተረፉ አውቃለሁ። ያን ቦታ ግን አንድም ቀን ደፍሬ በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር። ከረጢቱን የምለውጠው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በዳበሳ ነው። ነርሷ በቀጠሮዬ ቀን ሁሉ፣ ከባድ ነገር ብቻ አታንሺ እንጂ በእግርሽ ሂጂ፣ ከፈለግሽም ዋኚ ትለኛለች። እኔም እሺ እሺ ብዬ እወጣና ቤቴ ገብቼ እቆልፋለሁ። የፈራሁት ሕመሙን አልነበረም። አንድ ቀን ሰው መሀል ቢያፈስብኝ፣ ቢሸት፣ ከዚያ ወዲያ የሰው ፊት ማየት እንደሚበቃኝ አውቀው ነበር። ጦሳን ከወንዶቹ ቀድሜ እወጣ የነበርኩት ልጅሽ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ያለው መንገድ አቀበት ሆነብኝ።

ከግድግዳው ማዶ እማማ ኣባዲት የሚባሉ የአስመራ ሴት ይኖራሉ። አማርኛቸው አዲስ አበባ ሲኖሩ የተማሩት ነው፣ ሲቆጡ ግን ትግርኛ ይቀድማቸዋል። እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ የምካፈልበት የወንጌላውያን የጸሎት ኅብረት በዓመት አንድ ቀን ንጎንግ የሚባሉት ኮረብቶች ላይ ወጥቶ ይጸልያል። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ «ተራራው የማንም አይደለም፣ እኔም እወጣለሁ» ብለው ተመዘገቡ፣ እኔንም ሳያማክሩ አስመዘገቡኝ። እምቢ ብላቸው፣ «ጓለይ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ወጥቼ አንቺ በዚያ እግርሽ ልትቀሪ?» አሉኝ። አፈርኩና ተነሣሁ። ከረጢቱን በቀበቶው አሰርኩ፣ ከላዩ ስሸኝ የሰጠሽኝን መቀነት ጠመጠምኩበት፣ መለወጫና ውኃ ያዝኩ፣ ማታቱ የሚሉትን የሕዝብ ታክሲ ተሳፈርን።

እማዬ፣ የዚያን ተራራ ነፋስ ብታይው! ሣሩን ሁሉ መሬት ላይ ያስተኛዋል። ወገቡ ላይ እስክንደርስ እግሬ እንዴት እንደ ድሮው እንደታዘዘልኝ አልነግርሽም፤ ደስ ብሎኝ ረስቼው ነበር። ከዚያ ከመቀነቱ በታች ሙቀት ተሰማኝ። ላቡ የከረጢቱን ጠርዝ አላቆት ኖሯል። የፈራሁት መጣ ብዬ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ለእማማ ኣባዲት በጆሯቸው ብነግራቸው በሹክሹክታ የሚመልሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እቴ! «ሴቶች ወዲህ፣ ነጠላ ይዛችሁ! ወንዶች ወደፊት፣ ዞር ብሎ የሚያይ ወዮለት!» ብለው ተራራውን አስተጋቡት። ሴቶቹም አገራችን መንገድ ላይ እንደምናደርገው ነጠላቸውን ዘርግተው ከበቡኝ። ምን ሆንሽ ያለችኝ አንዲትም የለች።

ከረጢቱን ፈትቼ ስታጠብ ነፋሱ በገደሉ በኩል የቆሙትን የእማማ ኣባዲትን ነጠላ መንጭቆ ወሰደው። ፀሐይዋ ሆዴ ላይ ወደቀች። ፊቴን የማዞርበት ግድግዳ አልነበረምና አየሁት።

ወንዳፍራሽ ሲያነብልሽ እዚህ ላይ እንዳያፍር ንገሪልኝ። እማዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንጀቴ አረረ፣ አንጀቴ ራሰ ስል ኖሬ አንጀት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው፣ እንደ ሕፃን ከንፈር ያበራል። ስነካው አያመኝም። ማንም ሳያዘው ቀስ ብሎ ይሰበሰባል፣ ደግሞ ይከፈታል። ያን ሁሉ ወር እኔ ተደብቄ ሳለቅስ እሱ ሳልለምነው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግነው ሲሠራልኝ ከርሟል። ቀና ስል ደግሞ ከገደሉ በታች ስምጥ ሸለቆው ተዘርግቷል፤ ዓይኔ ሄዶ ሄዶ መጨረሻውን አጣው። ያን ያህል ሰፊ ነገር የሠራ እጅ ይህቺንም ትንሽ ነገር በዚያው ጥንቃቄ ሠርቷታል አልኩ በልቤ። እማማ ኣባዲትም አዩት። ውይ ይሉ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ አማተቡና «እግዚኦ! ይሠራል እኮ!» አሉ።

ይኼኔ የመዘምራኑ መሪ አቶ ዓለምሰገድ፣ ጥርሳቸው የማይታይ ኮስታራ ሰው፣ ነገሩን ሳያውቁ ነጠላውን ሊይዙ ቁልቁል ሲሮጡ አየናቸው። ከራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ይውለበለባል፣ ሊይዙት ሲሉ ነፋሱ ይቀድማቸዋል። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ያም ቀይ ነገር ከሳቄ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። አዲሱን ከረጢት አሰርኩና እስከ ጫፉ ወጣሁ። ሲጸለይ ዓይኔን መጨፈን አልቻልኩም፤ ይቅር ይበለኝ፣ የማየው በዝቶብኝ ነው።

አሁን በየሳምንቱ ከእማማ ኣባዲት ጋር ዌስትላንድስ እስከሚባለው ሰፈር በእግሬ እሄዳለሁ። መዋኘቱንም አስቤዋለሁ፣ ለጊዜው ለማንም አልተናገርኩም። ከረጢቱ ዕድሜ ልኬን አብሮኝ ይኖራል፣ ይህን አልደብቅሽም። የፈራሁት ደርሶብኝም ግን ተራራውን ከመውጣት አላስቀረኝም። ስለዚህ የኔ እናት፣ በእኔ ምክንያት የዘጋሽውን በር ክፈቺልኝ። ማኅበርሽ ተመለሺ። ምርኩዝሽን ይዘሽ ጦሳን ቀና ብለሽ እዪልኝ።

ወንዳፍራሽን ስላነበበልሽ ጉንጩን ሳሚልኝ። ጽጌረዳን አንቺን ስለምትጠብቅልኝ ውለታዋን ፈጣሪ ይክፈላት በያት። ልጆቹን አክስታችሁ ሩጫ ልትገጥማችሁ ትመጣለች በያቸው፣ ይለማመዱ። እማማ ኣባዲት ሳያውቁሽ እጅ ነሥተውሻል። ጎረቤቶቹ ሠርክዓለም እንዴት ሆነች ብለው ሲጠይቁሽ ታማለች አትበያቸው። ደጅ ወጥተሽ፣ ፀሐይ ላይ ቆመሽ፣ ተራራ ወጥታለች በያቸው።

ልጅሽ ሠርክዓለም
ናይሮቢ፣ ጥር 18 ቀን 1978 ዓ.ም.