የብርጓልን ላላወቀው ማሽንና ለአሳዳሪው

ለተከበሩ የጨሞጋ ማዶ መናኸሪያ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ አጥንትዎ ሳይሰበር፣ ጥርስዎ ሳይረግፍ፣ ጆሮዎ ደም ሳይቋጥር እንዲደርስዎ እመኛለሁ። ምኞቴን ያበዛሁት በእርስዎ በር የገባ ሰው ሁሉ በዚህ ዓይነት ጤና ስለማይወጣ ነው።

ስሜ ማንጠግቦሽ ወልደጊዮርጊስ ይባላል። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ከመናኸሪያው አጥር ሥር እኖራለሁ፤ ጥጥ ፈትዬ አድራለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የመንገደኞችን ፊትና አሻራ በማሽን ስለመለየት ያወጡትን፣ በትኬት መስኮቱ አጠገብ የተለጠፈውን አሥራ አንድ ገጽ ረቂቅ መመሪያ ቆሜ፣ በጣቴ እየተከተልሁ፣ በሁለት ቀን ጨረስሁት። ከሥሩ ሕዝቡ እስከ ዓርብ አስተያየቱን ይስጥ ይላል። አስተያየታችንን የጠየቁን መመሪያው በሰው ገላ ላይ ከተሞከረ በኋላ መሆኑ የጥንቃቄዎን ብዛት ያሳያልና እያመሰገንሁ፣ የእኔን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ አንቀጽ አራት የመንገደኛው አሻራ ግልጽና ያልተጎዳ ይሁን ይላል። ባላገር ድንች ሲቆፍር፣ ድንጋይ ሲለቅም፣ ጠፍር ሲጎትት ኖሮ የጣቱ መስመር ማለቁን የነገረው አልነበረም፤ እርስዎ ነገሩት። ከሮብ ገበያ የመጡ አንድ አዛውንት ጣታቸው አልነበብ ቢል፣ ጥበቃዎ እጃቸውን ይዞ የማሽኑ መስተዋት ላይ ሲጫን ሲጫን አውራ ጣታቸውን ከመጋጠሚያው አወለቀው። አዛውንቱም ላብ እያጠመቃቸው «እንግዲያ ልጄ፣ ቆርጠህ እሱን አስቀረውና እኔን አሳፍረኝ» ቢሉት ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ስላሳቁን እናመሰግናለን።

፪ኛ፤ የብርጓል ጎረቤቴ ናት፤ ወደ አማኑኤል ከተማ እየተመላለሰች ቅቤ ትነግዳለች። በጥቅምት እንደታዘዘችው ቀርባ ፊቷን አስመዘገበች፤ ያን ቀን ሹሩባ ተሠርታ፣ ፊቷ ወዝቶ፣ እየሳቀች ነበር። በኅዳር ወንድሟ መሳፍንት ሞተ። ምናልባት የእኛን አገር ልማድ አያውቁ እንደሆነ ልንገርዎ፤ እኅት ወንድሟን ስትቀብር ጠጉሯን ትላጫለች፤ ግንባሯንና ጉንጯንም በሻካራ ጨርቅ ደም እስኪወጣ ትፈትጋለች። ካህናቱ ይቆጡናል፤ እኛም እንሰማቸዋለን፤ የሞተው የሌላ ሰው ወንድም ሲሆን።

ከቀብሩ በአሥረኛው ቀን፣ ቁስሏ ገና ቅርፊት እንደያዘ፣ የወንድሟን ሚስት ልትጠይቅ ወደ አማኑኤል ለመሳፈር መጣች። ማሽኑ ሌላ ሴት ናት አለ። እሷም ጥበቃውን «እኔው ነኝ እኮ ወንድምዓለም፤ ወንድሜን ቀብሬ ነው» አለችው። እሱም «ማሽን አይዋሽም፤ ወግጂ አንቺ መላጣ!» ብሎ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሲገፈው እጁን ነከሰችው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሆኑባት። ጆሮዋን በቆመጥ ሲሏት ወደቀች፤ አፏን በጫማ ሲረግጧት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ፤ ክንዷን ወደ ኋላ ሲጠመዝዙት ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ በዚያች በለዘበች የሴት ድምፁ እባክዎ ይቅረቡ፣ እባክዎ ፊትዎን ያስተካክሉ ማለቱን አልተወም። በዚያ ሰዓት በመናኸሪያው ውስጥ በትሕትና የተናገረ እሱ ብቻ ስለሆነ ልዩ ምስጋናዬ ይድረሰው። መስተዋቱ ላይ የተረጨው ደምም ሳይደርቅ በመወልወሉ ስለ ንጽሕና ያለዎትን ትጋት አድንቄያለሁ።

እርስዎም ብርጭቆዎን እንደያዙ ከበረንዳው ጎንበስ ብለው «የሚያውቃት ሰው አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ስለዚህ ጥያቄ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ። ማንም አልመለሰልዎትም።

፫ኛ፤ ይህኛው ነጥብ የሚከሰው እኔን ነው፤ ይታገሡኝ። በሰልፉ ላይ ከየብርጓል ሦስት ሰው ወደ ኋላ ቆሜ ነበር። አውቃታለሁ። ዝም አልሁ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በቅሏችን ተሰርቃ ነበር። ሌባው እየጎተታት ሲሮጥ በአጥር ቀዳዳ አይቼዋለሁ። በሳምንቱ ደምበጫ ገበያ ውስጥ አንድ ፊት ለየሁና ይህ ነው ብዬ ጣቴን ቀሰርሁ። ሰውየው ይስማው ይባላል፤ ገብስ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ነው። ዱላው እንደ አውድማ ወረደበት። የራስ ቅሉ ተከፍቶ እያየሁ እንኳ ጣቴን አላጠፍሁም። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ በቅሏ ከነሌባው ተያዘች፤ ሌባው ከይስማው ጋር ከጺሙ በቀር የሚመሳሰልበት አልነበረም። ሽማግሎች ደሙን ሊያደርቁ ሲቀመጡ ዱላ የያዙትን ሰባት ወንዶች ጠሩ፤ እኔን ማንም አልጠራኝም። ያን ጊዜ ሁለተኛ በሰው ፊት ላይ ቃል እንዳልሰጥ ማልሁ። ፊደል መቁጠር የጀመርሁትም ያኔ ነው፤ ፊደል ቢሳሳቱት የሚሞት ሰው የለም ብዬ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ከተማ ማሽንዎን እንደ እኔ የሚረዳው ሰው ያለ አይመስለኝም። በየብርጓል ላይ በቀረበው የክስ ወረቀት ማሽኑ ዘጠና ሦስት ከመቶ እርግጠኛ እንደነበረ ተጽፏል። እኔ መቶ ከመቶ ነበርሁ። ማሽኑ ከእኔ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ሲተኛ ይስማውን አያይም።

፬ኛ፤ የብርጓል የተሰበረ ክንዷን በመቀነቷ አንጠልጥላ እስካሁን እስር ቤት ናት። ክሷ በሌላ ሰው ማንነት መጓዝ ነው፤ ምስክሩ ማሽኑ ነው፤ ችሎቱ ሰኞ ነው። የረቂቅዎ አንቀጽ ሰባት ማሽኑ ያላወቀውን መንገደኛ ጥበቃ «በተመጣጣኝ ኃይል» ያቆያል ይላል። ለአንዲት የምታለቅስ ሴት የሚመጣጠነው ሦስት ወንድና አንድ ቆመጥ መሆኑ በመመሪያው ውስጥ ስላልተገለጸ ለወደፊቱ እንዳይምታታ በግልጽ ይጻፍ። አንቀጽ ስምንት ደግሞ የጎረቤት ቃል የማሽኑን ውጤት አይሽርም ይላል። ያችን አንቀጽ ግን እለምንዎታለሁ፣ ይሰርዟት። ማሽኑ አላውቅም ሲል መንገደኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ውኃ ይሰጠው፤ የሚያውቁት ሰዎች ይጠሩለት፤ የሚያውቀው ባይገኝ እንኳ ማንም እጁን አያንሣበት። ኀዘን የገባበት፣ እሳት የፈጀው፣ በሽታ ያከሳው ፊት ሁሉ የሌባ ፊት አይደለም። ይህን ለመጻፍ ከከተማ የሚመጣ ባለሙያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ጥያቄዎንም ዘግይቼ እመልሳለሁ። አዎን፣ የሚያውቃት ሰው አለ። ይስማውን ያየሁት በአጥር ቀዳዳ ነበር፤ ከየብርጓል ጋር ግን ሃያ ዓመት እሳት ተጫጭረናል፤ ባሌን የገነዝሁት ከእሷ ጋር ነው። ሰኞ ጠዋት ችሎት እቀርባለሁ፤ መሐላዬን አፈርሳለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ይህች የብርጓል ናት እላለሁ። ዳኛው ለምን በዕለቱ አልተናገርሽም ካሉኝ የይስማውን ነገር በአደባባይ እናገራለሁ፤ እናቱ በሕይወት አሉና ይስሙ። ከዚያም የደበደቧትን ሦስቱን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለቴ እያየሁ አመለክታለሁ። እርስዎ ቢመጡ ደግሞ ወደ በረንዳው ቀና ብዬ መፈለጉ ይቀርልኛል።

የደንብ ልብስዎ ሳይጎድፍ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ፣ በረንዳዎ ሳይደረመስ ለብዙ ዘመን እንዲያገለግሉን እየተመኘሁ፣ ለጥበቃዎችዎ ክንድ ዕረፍትን፣ ለእርስዎም እንቅልፍን የምለምን፣

በታላቅ አክብሮት፣
ማንጠግቦሽ ወልደጊዮርጊስ
ከመናኸሪያው አጥር ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንቀጽ ዘጠኝ ኃላፊዎች በጓሮ በር ያለ ማሽን ይግቡ ስለሚል፣ ማሽኑ የእርስዎን ፊት አይቶት አያውቅም። አይስጉ፤ በዚያ ሰልፍ የነበርን ሁሉ በሚገባ አይተንዎታል፤ እኛ ደግሞ መብራት ሲሄድ አንጠፋም።