ለእማዬ የቀረቻት ቃል

ውድ ወንድሜ ቨርሊን፣

የኮዲያክ ደሴት ብርድ እንደምን ከረመብህ? ትከሻህስ? የዓሣ መረብ ስትጎትት አሁንም ይነዝርሃል ወይስ ሚስትህ ዳርላ የምታሽህ ቅባት ለውጥ አመጣ? ልጆቹስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኛ ደህና ነን። በረዶው ቀልጦ ጭቃው ተጀምሯል። ባለቤቴ ኦርቪል በቆሎ ሊዘራ ነው ይባላል እንጂ ውሎው ትራክተሩ ሥር ተጋድሞ ነው። እማዬም ክረምቱን በደህና ወጥታለች፤ ማንኪያውን ራሷ መያዝ ጀምራለች።

የዛሬው ወሬዬ ግን ሶልቬግ ናት። እዚህ በገዛ ልጅ መኩራራት እንዴት እንደሚያስነውር ታውቀዋለህ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ እሷ ሲጠይቁኝ «ኧረ ምንም አትል» ብዬ አልፋለሁ። አንተ ግን ሩቅ ነህ፤ ለአንተ እንኳ አንገቴን ቀና አድርጌ ላውራ።

የወይዘሮ ቶርቪክን የቃል ቀብር መቼም አትረሳውም። አዎ፣ ዛሬም አራተኛ ክፍልን የያዙት እሳቸው ናቸው። ዛሬም በየፀደዩ «ናይስ» የምትለዋን፣ ጥሩ ለተባለ ሁሉ የምትነገረዋን ቃል በጫማ ካርቶን አድርገው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያስቀብራሉ። እኔና አንተም በተራችን ጥቁር ለብሰን ቀብረናታል። ምግቡም ናይስ፣ ሰውየውም ናይስ፣ አየሩም ናይስ፤ የሰነፍ ምርኩዝ ናት ባይ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ በምትኳ የተሻለ ቃል ይዞ ይመጣል። ከቀብሩ በኋላ ናይስ ከአፉ ያመለጠችው ልጅ ሰሌዳ ያጸዳል።

እማዬ ደግሞ ስትሮክ ካገኛት ወዲህ ከአፏ የምትወጣው ያቺው ናይስ ብቻ ናት። ሐኪሙ «ምላሷ ስለለመደው ነው፣ ትርጉም አትፈልጉለት» ብሎናል። ሶልቬግ ግን አልሰማችውም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ አያቷ ጎን ቁጭ ትልና ታስተምረናለች፤ «ከንፈሯን ገጠም አድርጋ ስትለው ሾርባው ጨው ያንሰዋል ነው። ሳብ አድርጋ ስትለው አምሮብሻል ነው።» በቀደም ጎረቤታችን ላቮን መጥታ ከሰዓቱን ሙሉ የአገሩን ሰው ስታማ፣ እማዬ በሩን በሩን እያየች «ናይስ» አለች። ላቮን «አያችሁ፣ ወሬዬን ወዳዋለች!» ብላ ወንበሯን ጭራሽ አስጠጋች። ሶልቬግ ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ሮጠች።

ዓርብ ቀብሩ ሆነ። ወላጆችም ተጠርተን ጭቃው ላይ ቆምን። ልጆቹ ያቺ ቃል የተጻፈባትን ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ እየጣሉ፣ በምትኳ «ደግ»፣ «ጣፋጭ»፣ «ጨዋ»፣ «ደስ የሚል» እያሉ ያልፋሉ። ሶልቬግ ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን ጨብጣ ቀረች። በሰው ፊት ስሟን እንኳ ጮክ ብላ የማትናገር ልጅ እኮ ናት!

«ወይዘሮ ቶርቪክ፣ እኔ አልቀብራትም» አለች። «አልሞተችማ! እኛ ቤት ጠዋት ማታ ትሠራለች። እናንተ ያመጣችሁትን ቃል ሁሉ አያቴ በእሷ ብቻ ነው የምትለው።»

የላቮን የልጅ ልጅ ብራድሊ «አያትሽ በቀቀን ናት በያ!» ሲል ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አለቀሰች ስል እሷ ዞር ብላ «በቀቀን ሁሌ አንድ ነገር ነው የሚለው። አያቴ ግን አንተን ናይስ ካለችህ ባለጌ ማለቷ ነው» አትለው መሰለህ! ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ወይዘሮ ቶርቪክ አካፋቸውን ተደግፈው ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አሉ። እሳቸው ካሉት ሲመለሱ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። በመጨረሻ «ያልሞተ አይቀበርም፤ ወረቀታችሁን አውጡ» አሉ። ቀጠል አድርገው «ቀብሩ ቀረ እንጂ የለቅሶው ኬክ አልቀረም፤ ጫማችሁን እየጠረጋችሁ ግቡ» አሉ።

አመሻሽ ላይ መምህርቷ የፖም ፓይ ጋግረው ቤታችን መጡ። የእማዬን እጅ ይዘው «ኢንገቦርግ፣ ስለዚች ልጅ ምን ትያለሽ?» አሏት። እማዬ ሶልቬግን ትክ ብላ አየቻትና «ናይስ» አለች። መምህርቷ ይተረጎምላቸው ዘንድ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ሶልቬግ እስከ ጆሮዋ ቀልታ «ይሄንን እንኳ ሌላ ሰው ይተርጉመው፣ ጉራ ይሆንብኛል» አለች። ኦርቪል ድንገት ትራክተሩ ትዝ አለውና ዓይኑን እየጠረገ ወጣ።

ቨርሊን፣ ስትደውል ከእኔ ጋር ብቻ አውርተህ የምትዘጋው ስለከበደህ እንደሆነ አውቃለሁ። «አንድ ቃል ከምትመልስ እናት ጋር ምን ይወራል?» ብለኸኛል። እሑድ ከጸሎት በኋላ ደውልና እማዬን አቅርቢልኝ በለኝ። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ጀልባው የመጣልህን ንገራት። ስምህ ሲነሳ እማዬ የምትላት ናይስ እንደ ሌሎቹ አይደለችም ትላለች ሶልቬግ። ምን ማለቷ ነው ብላት «እሱን አጎቴ ራሱ ይስማው» ብላ እምቢ አለችኝ።

ዳርላን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ትከሻህን ስለምታሽልኝም አመስግንልኝ። ትንሿን ጁንን ጉንጯን፣ ዌንደልን ደግሞ አድጌያለሁ ቢልም ግንባሩን ሳምልኝ። ኦርቪል ሰላም ብሎሃል። ሶልቬግ እሑድ ስልኩ አጠገብ ነኝ ብላሃለች።

እህትህ አርዲስ

ኤልም ሆሎው፣ ሚኔሶታ
ኤፕሪል 27፣ 1997 እ.ኤ.አ.