አራቱ ሽቦዎችና የእኔ ፊርማ

ሰኞ፣ ግንቦት 8 ቀን 1980

ማተሚያው አሁንም አልሠራም። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኮምፒዩተሩ አስተዳደር ቢሮ፣ ማተሚያው መጋዘን፤ በመካከላቸው ሦስት መቶ ሜትር ግቢ። የማተሚያው የራሱ ገመድ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እንጂ ከዚያ አያልፍም። ለዚህ ነው ሁለቱ ትንንሽ ሳጥኖች የተገዙት፤ የአጭር ርቀት ሞደም ይባላሉ። አንዱ ከኮምፒዩተሩ ስምንት ሆነው ጎን ለጎን የሚወጡትን ምልክቶች በአንድ ረድፍ አሰልፎ ይልካል። ሌላው መጋዘን ሆኖ ይቀበልና እንደገና ስምንት በስምንት አድርጎ ለማተሚያው ይሰጣል። በመካከላቸው አራት ሽቦ ብቻ፦ ሁለት መላኪያ፣ ሁለት መቀበያ። አራት ሽቦ አቅቶን ምርጥ ዘር የሚጭኑ መኪኖች ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ክረምቱ ደርሷል፤ እኛ የመጫኛ ወረቀት በእጅ እንጽፋለን።

ሽቦውን የዘረጋው ኤሌክትሪሻኑ ቶሎሳ ነው። ንድፉን የሠራሁትና የፈረምኩበት እኔ ነኝ። ዛሬ መሰላል ላይ እንደቆመ፣ "ጋሼ፣ እኔ እንጃ፣ አፍ ለአፍ የገጠምናቸው ይመስለኛል። ሁለቱም ከተናገሩ ማን ይስማ?" አለኝ። የመጋዘን ሠራተኛዋ ዘይነባ ሳቀች። ደሜ ፈላ። "ስልክ ስትቀጥል ቀለም ለቀለም አይደለም እንዴ? አንተ ንድፉን ተከተል፣ ማሰቡን ለእኔ ተወው" አልኩት። በሰው ፊት። "እሺ ጋሼ" ብሎ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ማብራሪያ በጽሑፍ ጠየቁኝ። የመልሴን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እዚህ ልገልብጠው፦ "የንድፉ ትክክለኛነት የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ብልሽቱ በሠራተኛው ቸልተኝነት የደረሰ ወይም ሆን ተብሎ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል።" ስጽፈው ያማረ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

ቶሎሳን ወሰዱት። ሁለት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። "ለትንሽ ጥያቄ ነው" አሉ። ካቻቪቴውን ለዘይነባ ሰጥቶ ተከተላቸው። እኔ በመስኮት አየሁ። አልወረድኩም።

"ሆን ተብሎ" የምትለው ቃል ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ እስከ ፓርቲው ካድሬ ጠረጴዛ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀባትም። እዚያ ስትደርስ ስሟ አሻጥር ይሆናል። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ ምን ሆነሃል አለችኝ። ራሴን አመመኝ አልኳት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10

መመሪያውን አነበብኩት። ሙሉውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበት ነበር፤ ሠራተኛ እንዳያቆሽሸው። እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋልም ብያለሁ። ቶሎሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው ነው።

ገጽ አሥራ አንድ፦ የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ይገናኛል። ሽቦዎቹ ይጠላለፋሉ እንጂ ቀለም ለቀለም አይሄዱም። ሥዕልም አለው፤ ማንም የሚገባው ሥዕል። እኔ ከገጽ አራት አላለፍኩም ነበር። ገመድ አውቃለሁ ባይ ነኛ።

አፍ ለአፍ። መሰላል ላይ ሆኖ ነግሮኝ ነበር።

መጋዘን ሄድኩ። ንድፌ ከማተሚያው በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ ፊርማዬ፣ ከፊርማዬ በላይ "ቀለም ለቀለም!" ከነቃለ አጋኖው። አውርጄ ኪሴ ከተትኩት። ምንም ሳላስብ ነው ብዬ ልጻፍ? አስቤያለሁ። ይህች ወረቀት ከሌለች ማን ያውቃል ብዬ አስቤያለሁ።

ሽቦውን አሁኑኑ አዙሬ ብቀጥለው ማተሚያው ይሠራል። ይሠራና፣ "ቶሎሳ በተያዘ ማግስት ሠራ" ይባላል። ሳልነካው ወጣሁ።

በሩ ላይ የቶሎሳ ሚስት ጫልቱ ቆማለች፣ ምሳ ዕቃ ይዛ። "አካም ጂርቱ ጋሼ" አለችኝ፣ እጅ ነስታ። "ምግቡን አልቀበልም አሉኝ። የት እንዳለም አይነግሩኝም። እርስዎ አለቃው ነዎት። ‘ጋሼ ቁጡ ናቸው፣ ግን ሥራ ያውቃሉ' ይላል ሁልጊዜ። እባክዎ አንድ ቃል ይናገሩለት።"

አንድ ቃልማ ተናግሬለታለሁ።

ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። "እሺ፣ እናያለን" አልኳት። እናያለን!

ሐሙስ፣ ግንቦት 11

ጠዋት ካድሬው ቢሮ ገባሁ። ንድፉንና መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ስህተቱ የእኔ ነው አልኩ። ሳቀ።

"ጓድ፣ ሰኞ ሆን ተብሎ ነው አሉ። ሐሙስ የእኔ ነው አሉ። ዓርብ ደግሞ ምን ሊሉን ነው?"

"ፊርማውን ይዩት። የማን ነው?"

"እኔ ሽቦ አላውቅም። ይህንኑ በሠራተኛው ፊት ይሉታል?"

ሊያስፈራራኝ ነው የጠየቀኝ። እላለሁ አልኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 12

ስብሰባው መጋዘን ተደረገ። ሰው ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ሹፌሮቹም ገብተው ቆሙ። ግለ ሂስ ብዙ ጊዜ አድርጌያለሁ። ወጉ ይታወቃል፦ ትንሽ ጥፋት አምጥቶ ትልቁን መሸፈን። "ሰዓት አላከብርም" ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ይወጣል።

ዛሬ የሰኞውን ዓረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ንድፉን አሳየሁ። መሰላል ላይ የተነገረኝንና የመለስኩትንም ተናገርኩ። ከዚያ አራቱን ሽቦዎች በፊታቸው ፈታሁና አጠላልፌ ቀጠልኩ። ጸሐፊዋ በቀጠሯችን ሰዓት ከቢሮ አንድ የመጫኛ ወረቀት ላከች። ማተሚያው ጮኸ። ወረቀቱ ወጣ፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ።

ማንም አላጨበጨበም። ከደራ የመጣ አንድ ሹፌር፣ "ታዲያ ያ ሰውዬ ምን አደረገ?" አለ።

"ምንም" አለች ዘይነባ።

ካድሬው ማስታወሻ ደብተሩን ዘግቶ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

ቶሎሳ መጣ። አምስት ሰዓት ላይ። ቀበቶ የለውም፣ ጢሙ አድጓል። ቤቱ ሄዶ እንደሆነ አላውቅም። ቀጥታ መጋዘን ገብቶ የሳጥኑን ክዳን ከፈተና የእኔን ቅጥያ አየ። "ይቺ ብሎን ላልታለች" ብሎ አጠበቃት።

ለይቅርታ ያሰናዳሁት ንግግር ነበር። ግማሹ እንኳ አልወጣም። "በድዬሃለሁ" ያልኩ ይመስለኛል።

"እሺ፣ ጓድ ኃላፊ" አለኝ።

ጋሼ ቀረ።

የመሳቢያዬን ቁልፍ ሰጠሁት፤ መመሪያው ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጋ ይሁን ብዬ። ሄዶ መጽሐፉን አመጣና ቁልፉን እጄ ላይ መለሰልኝ። "ይኼ ቁልፍ አያስፈልገውም" አለ። ንድፌ ተሰቅሎበት በነበረው ሚስማር ላይ በሲባጎ አንጠለጠለው።

መኪኖቹ እየጫኑ ወጡ። ማተሚያው እስኪመሽ አላረፈም። መመሪያው ገጽ አሥራ አንድ ላይ ተገልጦ ተሰቅሏል፤ የገባ ሁሉ ያየዋል። እኔም በየጠዋቱ እገባለሁ።