አሥር ፊደል ብቻ የሚቀበል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1965 ዓ.ም.

ደመቀ፣

ግራጫ ሹራቤን ለብሰህ ስለተኛህ በሸሚዝ ወጣሁ። የኮልፌን ብርድ ታውቀዋለህ።
ቁልፉ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩብርሃን ጋ ነው። ምስሩን ጨርሰው።

የመሥሪያ ቤታችንን ሠራተኞች ስም የሚያትመው ያንተ የፕሮግራም ክፍል ስህተት አለበት። የኔው ክፍል ስሙን በሃያ የእንግሊዝኛ ፊደል ያቀብለዋል፤ አንተ ግን የሚቀበለው አሥር ፊደል ነው ብለህ ጽፈሃል። ማሽኑም ምንም ሳይል ትርፉን ጣለው፤ የአለቃችን የአቶ ተክለሃይማኖት ስም ጫፉ ተቆርጦ ታተመ። በአሥሩ ፈንታ የኮከብ ምልክት አድርግበት፤ ያኔ የመጣለትን ስም ሁሉ በልኩ ይቀበላል።

የፕሮግራምህ ትእዛዝ ከተበሳባቸው ካርዶች የሚቀየረው አንዱ ብቻ ነው። ካርዱን የምትበሳልህ አልፊያ ናት፤ እሷ ጋ መሄድ እንደማይከብድህ አውቃለሁ።

ትናንት የታተመውን ወረቀት መጀመሪያ ያየችውም እሷ ናት። «የማነው ጥፋቱ?» ስትለኝ «የኔ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ።
ሳቀች። «ገምቼ ነበር፤ ደመቀ እንዲህ አይሳሳትም» አለችኝ።

ዛሬ እውነቱን ትነግራታለህ ብዬ አስባለሁ።
የማትነግራት ከሆነ ግን ሹራቤን አውልቀህ እሷ ጋ ሂድ።

ሰይፈዲን