የእህቴ ሃይማኖት በእኔ ቃል ተሳስቶ ስለመመዝገቡ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ
ለወረዳችን የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አያት፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሟች ሳጂዳ ሰዓድ የሞት ምስክር ወረቀት ከመሰጠቱ በፊት የሰጠሁት ቃል እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች ሐሩን ሰዓድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አያት ኮንዶሚኒየም ከወላጆቼ ጋር እኖራለሁ። ይህን የምጽፈው በጽሕፈት ቤቱ ላይ ቅሬታ ኖሮኝ አይደለም። ስህተቱ የእኔ ነው።

1. ታላቅ እህቴ ሳጂዳ በቦሌ ለሚ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነበረች። ጥቅምት 18 ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ ከሰርቪስ ወርዳ አስፋልት ስትሻገር መኪና ገጭቷት በሃያ ሦስት ዓመቷ አረፈች።

2. አባቴ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነው። እናቴ ወ/ሮ ሉሊት ዋቅቶላ ከወለጋ የመጣች ፕሮቴስታንት ናት። ሳጂዳ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት የባሃኢን እምነት ተቀብላለች፤ ይህን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ዘመዶቻችን ግን አልሰሙም ነበር። አባቴም እናቴም በየፊናቸው «ከእኔ ወጣሽ» ሲሏት፣ የሁለታችሁም አምላክ አንድ ነው፣ መልእክተኞቹንም በየዘመኑ የላከ እሱ ነው፣ ስለዚህ ከማንኛችሁም አልወጣሁም ትላቸው ነበር። ዓርብ አባቴን እስከ መስጊዱ በር፣ እሑድ እናቴን እስከ ቸርች ትሸኛለች። እኔ «አንቺኮ የታክሲ ረዳት ነሽ፣ ሁሉንም ጭነሽ አንድ ቦታ ታወርጃለሽ» ስላት፣ «ሂሳብ አልቀበልም እንጂ!» ብላ ትስቅ ነበር።

3. በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ የአባቴና የእናቴ ዘመዶች በቀብሩ ቦታ ተጣሉ። አጎቴ አቶ አብዱልሐሚድ እጄን ይዘው «ምስጢረኛዋ አንተ ነህ። ስትሞት ምን ነበረች?» ብለው በሁሉም ፊት ጠየቁኝ። «ሙስሊም» አልኩ። ጭቅጭቁ ወዲያው ቆመ። ባሃኢ ናት ብል ሁለቱም ወገን ትቷት የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

4. በዚያው ቀን በሙስሊም መቃብር ተቀበረች። በእኛ ቤተሰብ ልማድ ሴቶች ወደ ቀብሩ ስለማይሄዱ እናቴ ቤት ቀረች። በሳጂዳ እምነት ቢሆን ወንዱም ሴቱም አብረው ቆመው፣ አንድ ሰው ጸሎቱን ያነብላት ነበር። እናቴ ማታ «አፈር ስትለብስ እንኳ አላየኋትም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ ስሜን አትጠራም። ከአባቴም ጋር አትነጋገርም።

5. ኅዳር 3 ቀን ሞቷን ለማስመዝገብ ከአጎቴ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ መጣሁ። መዝጋቢዋ ሃይማኖቷን ሲጠይቁ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። አሁንም «ሙስሊም» አልኩ። በዚህኛው ጊዜ ማንም አላስጨነቀኝም።

6. አጎቴን በኋላ እውነቱን ስነግራቸው «የወጣትነት ነገር ነው፣ ይተዋት ነበር» አሉኝ። የሚተዋት ነገር አልነበረም። በፋብሪካው ለሰፊዎች ጉርሻ ሲሰጥ፣ ክር ለሚለቅሙት ረዳቶች አይሰጥም። ሳጂዳ የራሷን በየወሩ ከረዳቶቿ ጋር እኩል ትካፈል ነበር። ጓደኞቿ «ጅል» ሲሏት ትስቃለች። ጨርቁ ከአንድ አገር ይመጣል፣ እኛ እንሰፋዋለን፣ ሌላ አገር ይለበሳል፤ ዓለም ለሥራው አንድ ሆና ለትርፉ ለምን ትለያያለች ትል ነበር። ሠራተኛው ከትርፉ ድርሻ እንዲኖረው በእምነቷ የታዘዘ ነው ብላ፣ ይህንኑ በአክብሮት ለአለቆቿ በጽሑፍ አቅርባለች። መልስ አላገኘችም። ቢሆንም ከማሽኗ አንድ ቀን አልጎደለችም፤ በቅንነት የተሠራ ሥራ ጸሎት ነው ብላ ታምን ነበርና። በትርፉ ነገር ሁልጊዜ እከራከራት ነበር፤ አሁንም ያሳመነችኝ አይመስለኝም። ግን እምነቷ ይህ ነበር።

7. ትናንት ሰኞ ለማሳረም ብቻዬን መጥቼ ነበር። መዝጋቢዋ በትህትና «ገና ልጅ ነህ፣ አባትህን ይዘህ ና» አሉኝ። አባቴ «ተቀብራለች፣ በቃ ተወው» ብሎ ለመምጣት እምቢ አለ። ሕጉን አከብራለሁ። ነገር ግን በእህቴ እምነት አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ስለ ሃይማኖቱ ራሱ ይጠየቃል። እኔ ባሃኢ አይደለሁም፤ ምን እንደሆንኩም ገና አላውቅም። ስለተናገርኩት ቃል ግን ልጅ ነኝ ማለት አልችልም።

ስለዚህ፦

ሀ. መቃብሯ እንዲነካ አልጠይቅም። ምስክር ወረቀቱን አጎቴ ኅዳር 16 ሊወስዱ ስለሆነ አሰጣጡ ለጊዜው እንዲቆይልኝ፤

ለ. ሳጂዳ ስትቀጠር በእጇ የሞላችውና ሃይማኖቷን «ባሃኢ» ብላ የጻፈችበት፣ ከዚህ ጋር የተያያዘው የፋብሪካው ቅጽ ቅጂ እንዲታይልኝ፤

ሐ. አባቴና እናቴ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት እንዲጠሩልኝ እለምናለሁ። በእኔ ልመና አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፤ መሥሪያ ቤት ከጠራቸው ግን ይመጣሉ። ያን ቀን ሆስፒታል በር ላይ መናገር የነበረብኝን በሁለቱም ፊት እናገራለሁ።

ሕጉ ይህን የማይፈቅድ ከሆነም፣ «አይቻልም» የሚለው መልስ በጽሑፍና በማኅተም እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ። መጠየቄን ለእናቴ የማሳያት ወረቀት እንዲኖረኝ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ፊርማ ____________
ሐሩን ሰዓድ
የሟች ወንድም