ሸቤ የሄደው ቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የጠርሙስ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የሠራተኛ ማኅበራችንን የቃለ ጉባኤ ደብተር በሄድኩበት ሁሉ ይዤው ዞሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን መርካቶ ባለው የመስታወት ሱቃችን ትቼው ነበር፤ ዛሬ ስገባ፣ ሸሪኬ ኑረዲን ቅጠሎቹን ገንጥሎ፣ መስታወቱ እንዳይፋተግ በየመሃሉ አንጥፏቸው ኖሯል። ጭነቱም ለመስጊድ መስኮት ወደ ሸቤ ከተማ ሄዷል።

«ወላሂ ጋሼ፣ አሮጌ ደብተር መስሎኝ ነው» አለኝ።

ለምድጃ ሠራተኛ ወተት ይሰጥ ብለን ሥራ ስናቆም የፈረሙት ሁሉ ስማቸው እዚያ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሞተዋል። ሌላ ቅጂ የለም።

ሸቤ መስኮቱን ለሚገጥመው አናጺ ደወልኩለት።

«መስታወቱ አንዱም አልተጫረ፤ ወረቀቱም እሳት ለማያያዝ ጠቀመን» አለኝ ደስ ብሎት፣ ምስጋናዬን እየጠበቀ።

አመሰገንኩት።