ጠዋት ጠዋት መኪናዬን የሚነዳው

ሰኞ

መኪናዬን ሰው ነድቶታል። ቅዳሜ ሀምቡርግ ወደብ ነበር ያቆምኩት። ዛሬ ከትምህርት ቤት መጥቼ ስከፍተው ፕራግ ነው ያለው። ነዳጁ ሙሉ ነው። አቋቋሙ ደግሞ ልክ፣ በመስመሩ መሀል። እኔ እንዲህ አድርጌ አቁሜ አላውቅም። ወይ አጥር እነካለሁ ወይ የሁለት መኪና ቦታ እይዛለሁ።

መኪናው የእውነት አይደለም፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ግን የኔ ነው። እኔና ባሌ የምንገናኘው እዚያ ነው። ሁሴን ሪያድ ሆኖ፣ እኔ መካነ ሰላም ሆኜ፣ ሁለት የጭነት መኪና አከታትለን የፈረንጅ አገር መንገድ እንነዳለን። ማረፊያ ላይ ቆመን እንጻጻፋለን። ስልክ ላይ "እንዴት ነሽ፣ ደህና ነህ" ብለን ዝም የምንለው ሰዎች እዚያ ወሬ አያልቅብንም። አብሮ መንገድ መሄድ የቀረን በዚህ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው ሲገባብኝ ደስ አይለኝም።

ላፕቶፑ ሁሴን በሰው የላከው አሮጌ ነው። ዊንዶውሱ ሞቶበት መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጠጋኙ ያሲን በምትኩ ሊኑክስ የሚባል ጫነበት፣ በነፃ። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች "በሊኑክስ ቢሠራም ባይሠራም እኛ የለንበትም" ባይ ናቸው። ያሲን ግን መላ ፈጠረ። ጽሑፍ ብቻ የሚታይበትን ጥቁሩን መስኮት እከፍታለሁ። ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ስጫን እሱ የጻፈልኝ መስመር ይመጣል፣ ከዚያ ትልቁን ቁልፍ እመታለሁ። መጀመሪያ ሁልጊዜ ይሞታል። በሁለተኛው ይነሳል።

የጨዋታውን የይለፍ ቃል ከኔ ሌላ ያሲን ያውቀዋል። ራሱ ነው አንዴ ያስገባው፣ ከዚያ ወዲህ ጨዋታው አይጠይቅም። ከዛሬ ጀምሮ ያሲንን አላምነውም።

ማክሰኞ

በእረፍት ሰዓት ለወርቅነሽ ነገርኳት። ጎኔ ያለውን ክፍል ነው የምታስተምረው። "በነፃ ነው የጫነልሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ወላሂ እኔ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።" ክርስቲያን ናት፣ ወላሂ ማለት ግን ከኔ ትበልጣለች።

ላፕቶፑን ይዤ ያሲን ዘንድ ሄድኩ። ተቆጣ።

"እኔ ያንቺን መኪና ልነዳ? የራሴ ሥራ መች አለቀልኝ?"

ከዚያ እንደገና ተረጋግቶ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አየልኝ። ከውጭ የገባ የለም አለ። ጨዋታውን የከፈተው ራሱ ይሄ ላፕቶፕ ነው፣ ጠዋት ላይ።

ጠዋት እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። ፈረቃችን በየሳምንቱ ይገለበጣል፣ እኔ ግን ባለፈውም በዚህም ሳምንት ጠዋት ደርሶኛል፣ የታመመች መምህርት ተክቼ። ቤት የሚውሉት አባባ ብቻ ናቸው፣ የሁሴን አባት። እሳቸው ስልክ ላይ አረንጓዴዋን ቁልፍ እንጂ ሌላ አያውቁም። ፊደልም አልቆጠሩም። ደግሞ ሁሴን የላከውን ነገር አይነኩም። ጃኬት ልኮላቸው እስከ ዛሬ በፌስታሉ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

አባባ የደሴን መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኤንትሬ የጭነት መኪና ነድተውታል። ሁሴን መሪውን ይረከበኛል ብለው ሲጠብቁ፣ ሳይነግራቸው፣ ዱአ ሳያስደርግ፣ በባሕር ሄደ። ያን ቀን በጎረቤት ሁሉ ፊት ማሉ። ተመልሶ እግራቸው ላይ እስኪወድቅ ድረስ ድምፃቸውን አይሰማም። አምስት ዓመት ሆነው። እሱ በደወለ ቁጥር ስልኩን አቀብላቸዋለሁ፣ እጃቸውን ከጀርባቸው ያደርጋሉ።

ስለዚህ ያሲን ይዋሻል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

ረቡዕ

ትናንት ማታ መብራት አልነበረም፣ ዛሬ ጠዋት ስወጣ መጣ። ከሰዓት ከሁሴን ጋር ተገናኘን። ገና ከመነሳታችን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ጠዋት ምን ሆነሽ ነው ዝም የምትይኝ? ከኋላዬ እየተከተልሽ አንዲት ቃል አትጽፊም።"

ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ አልኩት።

"በዚህ ሳምንት ከሰዓት አይደለም እንዴ?"

"አይደለም። መምህርት ታማብን ጠዋት ነኝ። አልነገርኩህም?"

ከዚያ "እሺ" ብቻ ብሎ ወጣ። ጭነቱን መንገድ ላይ ትቶ።

የይለፍ ቃሉን አንድ ጊዜ ለሱም ሰጥቼው እንደነበር አሁን ነው ትዝ ያለኝ። እሱ ደግሞ ለሌላ ሰጥቶ ቢሆንስ? እዚያው ሪያድ ላለች አንዷ? በስሜ ተቀምጣ አብራው ትነዳለች፣ ከዚያ እኔና እሷ ተምታተንበት "ጠዋት ዝም አልሽኝ" ይለኛል። ዝም ያለችው እሷ ትሆናለች።

ያሲን ላፕቶፑ ራሱ ነው ያለውስ? ያሲንና ሁሴን ይደዋወላሉ። እህ።

አባባ እራት ላይ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ጨመሩ። እኔ አልበላሁም።

ሐሙስ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጠዋት ስወጣ ላፕቶፑን ዘግቼ በክዳኑ ላይ ነጭ ክር ጣል አደረግሁ። እንዳይታይ አድርጌ።

ስመለስ ክሩ ወለል ላይ ነው።

ሰው እቤቴ ገብቷል ማለት ነው። አባባን ጠየቅኋቸው፦ "ዛሬ እንግዳ መጥቶ ነበር?"

"ማን ይመጣል?" አሉኝ። ግድግዳውን እያዩ። አባባ ሲያወሩ ዓይን ዓይን ነው የሚያዩት፣ ግድግዳ አያዩም። ከዚያ ወሬ ለመለወጥ ይመስላል፦ "እንዲያው ፈረንጅ አገር ረዳት የሚባል የለም እንዴ? ጭነት ሲወርድ ሹፌሩ ብቻውን ነው?"

ምን አውቃለሁ አልኳቸው። ተናድጄ ነበር።

አሁን ሳስበው ሁሉም የሆነ ነገር ይደብቁኛል። ያሲን ይገባል፣ አባባ በሩን ይከፍታሉ፣ ሁሴን ያዝዛል። ምናልባት ሁሴን እኔን ያስጠብቀኛል። ግን አባባ ከሁሴን ጋር አይነጋገሩ። በማን በኩል ነው የሚስማሙት?

ሁሴን ስልክ አላነሳም። ደግሜ አልደወልኩም። ላልቅስ ብዬ ተውኩት።

አርብ

ፈተና ስለነበር ተማሪው ቶሎ ተለቀቀ። ለማንም ሳልናገር በጓሮ በኩል ገባሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ከውስጥ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

በሩን ገፋ አደረግሁት።

አባባ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ላፕቶፑ በርጩማ ላይ ነው። መነጽራቸውን አድርገዋል፣ ሹፌር ሳሉ የሚያደርጓትንም ቆብ። አንገታቸውን ወደ መታጠፊያው ዘንበል አድርገው የኔን መኪና ይነዳሉ። ብቻቸውን ነበሩ፣ የሁሴን መኪና አልነበረም።

ሲያዩኝ መኪናውን ወደ ዳር አውጥተው አቆሙ። የእጅ ፍሬኑን ሳይቀር ያዙ። ከዚያ፦

"አላናገርኩትም" አሉኝ።

ጫማዬን እንደያዝኩ ገባሁ።

"በአላህ ምያለሁ፣ ድምፄን አይሰማም። መሐላዬ አለ። አብሬው መንገድ አልሄድም ብዬ ግን አልማልኩም።"

"እንዴት አድርገው ከፈቱት?"

"አንቺ ስትከፍቺ አየሁ። ቀስቷን፣ ከዚያ ትልቁን። መጀመሪያ ይሞታል፣ በሁለተኛው ይነሳል። የኔም ኤንትሬ ብርድ ላይ ጠባዩ እንዲያው ነበር። ነጩ መኪና የሁሴን ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ከኋላው እሄዳለሁ። ፊደል ይመጣል፣ እኔ አላነብም። ደህና ይነዳል። ቁልቁለት ላይ ግን ይቸኩላል።"

ጡሩምባውንም ጠየቅኋቸው። በነሱ ጊዜ እያንዳንዱ ሹፌር የራሱ ጥሪ ነበረው። ከተማ ሲገባ ይነፋና ቤተሰቡ የማን መኪና እንደመጣ ያውቃል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም የአባባ ነው። ሁሴን ሲሰማ እስከ መናኸሪያው ሮጦ ይቀበላቸው ነበር። "እሱ ካለ አልነፋም። ያውቀኛል" አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ፦ "ለሱ እንዳትነግሪ። በአላህ።"

እሺ አልኩ። ሦስት ሰው ስጠረጥር ሰንብቼ የቤቴን ሰው ሳላይ። አፈርኩ፣ ሳቄም መጣ። ለጁምዓ ሰላት ሲወጡ ጃኬቱን ከፌስታሉ አውጥተው ለበሱት። ብርድ ነው አሉ። ብርድ አልነበረም።

ቅዳሜ

ሁለት ክፉ ነገር በአንድ ቀን።

አንደኛው፣ ጠዋት ሁሴን ደወለ። ሰላም እንኳ አላለኝም። "በስምሽ የሚነዳው ማነው?"

ዓይኔ አባባ ላይ ሄደ።

"ወንድ ነው። አነዳዱን አይቻለሁ፣ የሙያ ሰው ነው። አንቺ ሥራ ነኝ ስትይ እሱ ቤቴ ተቀምጦ ኮምፒውተሬን ይከፍታል። ንገሪኝ።"

"አልችልም" አልኩት። ከዚህ የከፋ መልስ የለም፣ አውቃለሁ።

"እንግዲያው ነገሩን ለሽማግሌ እሰጠዋለሁ። ነገ ድረስ አስቢበት" ብሎ ዘጋው። ትዳሬ በአንድ ቃል ይድናል፣ ቃሉ ግን የኔ አይደለም። አባባ ከመደቡ ላይ ሆነው ፊቴን ያዩ ነበር። አለቀስኩ። ምንድነው ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለሳቸው እንዳልነግር አልማልኩም።

ቆባቸውን አንስተው አደረጉ። ከዚያ "ክፈቺው" አሉኝ።

ሁለተኛው፦ አልከፈት አለ። ጨዋታው ሌሊት ራሱን አድሷል። አንድ ጊዜ ሞተ፣ ሁለተኛም ሞተ፣ ሦስተኛም። በጥቁሩ መስኮት ላይ የማይገባኝ ጽሑፍ ተዘረገፈ። የሠሩት ሰዎች ሊኑክስን አያውቁት፣ ለማን አቤት ይባላል። አባባ ቆባቸውን እንዳደረጉ ይጠብቃሉ።

ያሲን ዘንድ ሮጥኩ። በር ላይ ቆሜ "አፉ በለኝ፣ ጠርጥሬህ ነበር" አልኩት። "ሁሉም ሰው ይጠረጥረኛል፣ ሊኑክስ የምጭን ሰው ነኝ" አለኝ። አሮጌውን ጨዋታ ፈልጎ መልሶ ለማስገባት እስኪመሽ ቆየ። የገበያ ቀን ስለሆነ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። "ቢነሳም እንጃ። ከሁሴን ጨዋታ ጋር ላይገጥም ይችላል። ደግሞ ላድስልሽ ቢልሽ እምቢ በዪ።"

እሑድ

መጀመሪያ ሞተ። በሁለተኛው ተነሳ። አልሃምዱሊላህ።

ሁሴን ቀድሞን ገብቷል። ነጩ መኪና መውጫው ላይ ቆሟል። አባባ መሪው ላይ፣ ማለት ቁልፎቹ ላይ፣ እኔ ጎናቸው። ገና ስንነሳ ጽሑፍ መጣ፦ "ማነህ? ሚስቴ አጠገብህ ናት?"

"ምን አለ?" አሉ አባባ። አላነበብኩላቸውም። ፊቴን አይተው አልደገሙም። ነጩን መኪና አለፉትና ፊት ሆነው መሩት። ተራራማውን መንገድ ያዙ። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ቀነሱ፣ በቀስታ፣ በደሴው መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ጉም ውስጥ ያሉ ይመስል። ሁሴን ከኋላ ተጠግቶ መብራት ይረጫል። ሌላ ጽሑፍ፦ "መልስ! ማነህ?"

ትልቁ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ አባባ ቆባቸውን አስተካከሉ።

ሁለት አጭር። አንድ ረጅም።

ነጩ መኪና ቆመ። መሀል መንገድ ላይ። አባባም ዳር ይዘው ቆሙ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ፣ ምንም አይመጣም። አባባ ስክሪኑን እንጂ እኔን አያዩም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

ከዚያ መጣ፦ "ዘሀራ፣ አፉ በሉኝ።" ቀጥሎ፦ "ቁልቁለት ላይ ነው የቆሙት። ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ።"

ጮክ ብዬ አነበብኩት። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሲሄድ ድንጋይ የሚያደርገው እሱ ነበር። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው በጃኬቱ እጅጌ ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ።

"አፉ በሉኝ ያለው አንቺን ነው እኔን?"

"እንጃ አባባ። ሁለታችንንም ይመስለኛል።"

"እግሬ ላይ ሲወድቅ እንነጋገራለን። መሐላ መሐላ ነው።" ከዚያ፦ "ነገ ጠዋት ይኖር እንደሆነ ጠይቂው። እኔ እንዳልኩ ግን እንዳትነግሪው።"

ጠየቅሁት። ይኖራል።

ከነገ ጀምሮ ፈረቃዬ ወደ ከሰዓት ይዞራል፣ ጠዋቱ የኔ ይሆን ነበር። ለሁለቱ ለቅቄዋለሁ። ሁሴን ተመልሶ ይመጣል አይመጣም፣ አላውቅም። ጨዋታው በሚቀጥለው እድሳት ይነሳ አይነሳም፣ ያሲንም አያውቅም። አሁን ይህን ልጽፍ ብዕር ለማንሳት ላፕቶፑ ወዳለበት በርጩማ ጠጋ ስል አባባ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ።

"ምን ልትነኪ ነው?" አሉኝ በጥርጣሬ።